ለወዘተ የተቀነሰ ግማሽ ማርክ

በዚያ ትምህርት ቤት እውነተኛ ስሟ የሚገኘው ሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ካለው ፋይሏ ላይ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ መዝገብ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪ ስም፣ የተማሪ ማርክ፣ የተማሪ መልቀቂያ በእጇ አልፏል። የተመረቀውም የተባረረውም እሷ ጋ ሳይደርስ ከግቢው አይወጣም። ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟት ሲጋራቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ። እኛም እንደ ሰዉ እትዬ መዝገብ እንበላት፤ አንቱታውን ግን እንተወው። አንቱታ ምን እንዳደረጋት ኋላ ላይ ይታያል።

መዝገብ ቤቷ ደረጃ ሥር ናት። ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ሲሠራ ለላቦራቶሪው፣ ለኮምፒውተሩ፣ ለማኔጀሩ መኪና ሳይቀር ቦታ ሲታሰብ፣ መዝገብ ቤት የሚባል ነገር መኖሩ የታወሰው ግድግዳው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ስለዚህ ጣሪያዋ ወደ አንድ ወገን ያዘመመች ጠባብ ክፍል ተሰጠቻት። ተማሪው ሲወጣና ሲወርድ አናቷ ላይ የሚሄድ ይመስላታል። በቀን አንዴ ግንባሯን ካልተመታች ሥራ የዋለች አይመስላትም። መደርደሪያዎቹ ላይ የአርባ ዓመት መዝገብ ጀርባው ላይ ቁጥር እየተጻፈበት ተደርድሯል፤ ከፋይል ሳጥኑ አናት ላይ ደግሞ በአሮጌ የጠረጴዛ ልብስ የተሸፈነች የጽሕፈት መኪና አለች። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ የነካት የለም። ለምን አትጣልም ሲሏት፣ እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ ትላለች፤ ሰው ቀልድ ይመስለዋል።

ትምህርት ቤቱ የተጀመረው ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ በተከራዩ አራት ክፍሎች ነበር። ያኔ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ቦታ ያጣ፣ ሥራ ይዞ ያቋረጠ፣ ወልዳ የተባረረች፣ ማንም ና ግባ የማይለው ልጅ ከተማውን ሞልቶት ነበር። ሦስት መምህራን፣ አንዱ የሂሳብ፣ አንዱ የጂኦግራፊ፣ አንዱ የቋንቋ፣ ከመንግሥት ሥራቸው ወጥተው እነዚህን ልጆች እናስተምር አሉ። ዛሬ የትምህርት ቤቱ መጽሔት "ታላቅ ራእይ ሰንቀው" ይላቸዋል። ምን ራእይ! አለቃቸው አንገሽግሿቸው ነው የወጡት። ወንበሩን አናጢው ከተረፈው እንጨት መታላቸው። መጋዙ ሲጮኽ ትምህርቱ ይቆማል፣ መጋዙ ሲያርፍ ይቀጥላል፤ ደብተር ሲገለጥ ሰጋቱራ ይረግፋል። የመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች እስከ ዛሬ ሲገናኙ "የሰጋቱራ ልጆች" ነው የሚባባሉት።

እትዬ መዝገብ ወደዚያ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከታይፕ ትምህርት ቤት በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ሥራ ሆነ።

የቋንቋ መምህሩ ቀጭን፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። ከደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋም። በዓለም ላይ አምርሮ የሚጠላው አንድ ቃል ነበረ፤ ወዘተ። ድርሰት ላይ ወዘተ ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ድርሰቱ ማር ቢሆንም፣ ግማሽ ማርክ ይቀነስበታል። "ወዘተርፈ ማለት የተረፈውም ማለት ነው" ይል ነበር። "ምን ተረፈ? ማን ተረፈ? ካወቅኸው ጻፈው፤ ካላወቅኸው ያወቅህ አትምሰል።" ተማሪ መቼም ተማሪ ነው፤ የጠላውን ቃል ስም አድርጎ ሰጠው። ጋሽ ወዘተ ተባለ። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ኋላማ ሲጠሩት ዞር ማለት ጀመረ።

እትዬ መዝገብ ከእሱ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ሲጠይቋት የምትናገረው ተረት አላት፤ ልጇ በቃሏ ታውቀዋለች። የትምህርት ቤቱን የፈቃድ ማመልከቻ የጻፈችው እሷ ነች። የሚሰጡትን ትምህርቶች ስትዘረዝር "ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ቋንቋ ወዘተ" ብላ ጻፈች። የቋንቋ መምህሩ በእረፍት ሰዓት መጥቶ የካርቦን ቅጂውን አነበበ፤ ቀዩን እስክሪብቶ መዘዘ፤ ወዘተን ከቦ አጠገቡ "ግማሽ ተቀንሷል" ብሎ ጻፈበት። እኔ ተማሪህ አይደለሁም ብላ ተቆጣች። በማግሥቱ ግን፣ ማታ ስታስበው ስላሳቃት፣ ያቺ ግማሽ ማርክ በምን ትመለሳለች አለችው። ሻይ በመጠጣት ነው አላት። በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ። ከዚያ በኋላ በትዳራቸው ሁሉ ቀልድ ሆና ቀረች፤ እሷ ግማሽ ማርኬን ትላለች፣ እሱ ገና ነው ይላል። ሆስፒታል ተኝቶ የመጨረሻው ሳምንት ላይ እንኳ፣ እንዲስቅላት ብላ "አሁንስ?" ብትለው፣ "ጽሑፉን አምጪውና ልየው" አላት። ሳቀች። ያኔ ሄዳ ብታመጣው ኖሮ ይህን ታሪክ የምንጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ከሦስቱ የጂኦግራፊው መምህር በሦስተኛው ዓመት ባሕር ተሻግሮ ሄደ። የሂሳቡ መምህር ዳይሬክተር ሆነ፤ ቀስ ብሎም ባለቤት ሆነ። የቋንቋው መምህር ግን መምህር ሆኖ ቀረ። ሃያ ስምንት ዓመት እዚያው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሳንባው ጠመኔ ጠጣ፣ ሞተ። በቀብሩ ላይ ዳይሬክተሩ እንባውን እየጠረገ "ስሙ ከዚህ ግቢ አይጠፋም" አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። እትዬ መዝገብም ሰማች፤ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በልቧ መዝገብ ላይ አስገባችው።

አሁን ማኔጀር ተብሎ ትምህርት ቤቱን የሚመራው የዳይሬክተሩ ልጅ ነው። ሁሉን ነገር ፕሮጀክት ስለሚል፣ ሽንት ቤት ሲታደስም ፕሮጀክት ስላለ፣ ሠራተኛው በሌለበት "ፕሮጀክት" ይለዋል። ይህ ልጅ እዚሁ ነው የተማረው። አሥረኛ ክፍል ሳለ ጋሽ ወዘተ በቋንቋ አርባ ስምንት ሰጠው፤ ማለፊያው ሃምሳ ነበር። አባትየው ወደ መዝገብ ቤት ወርዶ፣ ሁለት ማርክ ምን ትሆናለች፣ የእኛው ልጅ አይደል አላት። እሷም መዝገብ ላይ ከገባ ገባ ጋሼ አለችው። ልጁ ክፍሉን ደገመ። ቂም የያዘ የለም ተባለ። የለም የተባለ ቂም ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው።

አርባኛው ዓመት ሲቃረብ ፕሮጀክት አንድ አዲስ ፕሮጀክት አመጣ፤ በሩ ላይ የእብነ በረድ ድንጋይ ይቆም፣ የመሥራቾቹ ስም ይቀረጽበት። እትዬ መዝገብ በዚያው ዓመት ጡረታ ትወጣለች፤ ስትሰማ ደስ አላት፣ የባሏን ስም ድንጋይ ላይ አንብባ ልትወጣ ነው። የሚቀረጸው ጽሑፍ ለእርማት ወደ እሷ ሲመጣ ግን ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው፤ የሂሳቡና የጂኦግራፊው። ተረስቶ ነው ብላ ደረጃውን ወጣች።

ማኔጀሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። በአክብሮት ማንም አይደርስበትም።

"እትዬ፣ እኔ እኮ መምህሬ ነበሩ፤ አልጠላም" አላት። "ግን ድንጋይ ነው። ተፍቆ አይስተካከልም። መሥራች ስለመሆናቸው አንድ ሰነድ ያምጡልኝ፤ በማግሥቱ ይቀረጻል።"

ሰነድ! ሰነድ በልታ ሰነድ ጠጥታ የኖረችን ሴት ሰነድ አምጪ ሲላት ልትስቅ ምንም አልቀራት። የፈቃዱ ማመልከቻ የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ወደ ደረጃ ሥሯ ወረደች፣ ግንባሯን ተመታች፣ ቁጥር አንድ ፋይልን አወረደች።

የካርቦን ቅጂው ሰማያዊ ፊደሉ ደብዝዞ እዚያው አለ። አምሮ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ታይፕ ያስተማሯት ሴትዮ፣ ለበላይ መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ከወረቀቱ አናት አይጀመርም፣ ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ የአንቱታ ቦታ ነው ብለው ነበር፤ ስምንት መስመር ትታለች። ከዚያ የክቡርነታቸው ማዕረግ። ከዚያ የትምህርቶቹ ዝርዝር። ሰባቱም ትምህርቶች አንድ በአንድ ተቆጥረዋል። ወዘተ የለበትም።

ወዘተ ከታች ነው። "የትምህርት ቤቱ መሥራቾች" ይላል። አንደኛ፣ የሂሳቡ መምህር፣ ከነትምህርት ደረጃው፣ ከነአድራሻው፣ በሁለት መስመር። ሁለተኛ፣ የጂኦግራፊው መምህር፣ እንዲሁ በሁለት መስመር። ከዚያ "ወዘተ"። ከዚያ ቀንና ፊርማ፣ ወረቀቱም አለቀ። በወዘተ ዙሪያ ቀይ ክብ አለ፤ አጠገቡ በባሏ እጅ "ግማሽ ተቀንሷል" ይላል።

እትዬ መዝገብ የፋይል ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።  ወዘተ የምትለዋን ቃል፣ አርባ ዓመት ተረቷን ስታወራ፣ ከቦታዋ አንሥታ፣ ማንንም ወደማይጎዳበት፣ ወደ ትምህርቶቹ ዝርዝር ወስዳት ኖሯል። ያን ቀን አሁን ቁልጭ ብሎ መጣባት። የማመልከቻው መጨረሻ ቀን ነበር። ቢሮው ከአንድ ገጽ በላይ አይቀበልም። የሂሳቡ መምህር ኮንትራት ታክሲ በር ላይ አቁሞ አናቷ ላይ ቆሟል። የቋንቋው መምህር ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነው። ሦስተኛው ስም ጋ ስትደርስ ወረቀቱ አልበቃም አለች። "ወዘተ በይውና ስጪኝ" አላት። አለችው፤ ሰጠችው። ባሏን በገዛ ጣቷ፣ ባሏ ሳይሆን ገና፣ ከትምህርት ቤቱ አወጣችው። እሱም አይቶ፣ ከቦ፣ ግማሽ ማርክ ቀንሶ ሻይ ጋበዛት። በዕድሜው አንድ ቀን የማነው ስም የቀረው ብሏት አያውቅም።

በማግሥቱ ሽማግሌው ዳይሬክተር ቤት ሄደች። እግሩ ከከዳው ወዲህ መስኮት አጠገብ፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ነው የሚውለው። አእምሮው ግን ምላጭ ነው። ነገሩን ሳትጨርስለት አስታወሰ፤ ታክሲውን፣ ቀኑን፣ የመጋዙን ጩኸት ሳይቀር።

"ጋሼ፣ ይኼንኑ ለልጅዎ ይንገሩልኝ" አለችው። "ሦስት ነበርን ይበሉልኝ። ሌላ አልጠይቅዎትም።"

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። "እሱ የሚያየው ወረቀት ነው" አላት። "እኔንም የሚያከብረኝ ወረቀቱ ላይ ስላለሁ ነው። ደግሞስ ወረቀቱ አልበቃም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

 የተሰጣትን ሻይ ሳትጨርስ ተነሥታ ወጣች።

ልጇ ነርስ ናት፤ ነገር አታንዛዛም። እናቷ ሁሉን ስትነግራት ወዲያው መፍትሔ አገኘች። የጽሕፈት መኪናዋ አለች። የዚያ ዘመን ወረቀት፣ ዳሩ የወየበ፣ መሳቢያ ውስጥ አለ። ካርቦንም አለ። ማን ያውቃል?

"እማዬ፣ ድጋሚ ጻፊው" አለቻት። "ውሸት አይደለም እኮ። አባዬ ነበረበት።"

እውነቷን ነው፤ ነበረበት። እትዬ መዝገብ ሁለት ቀን ይህንኑ ስታመነዥክ ዋለች፤ መሳቢያውን ስትከፍት፣ ስትዘጋ። ግን በአርባ ዓመት ውስጥ በዚያች የመዝገብ ቤት መስኮት ስንት እናት አልቅሳለች። ለሁለት ማርክ፣ ለሦስት ማርክ፣ ልጄ ታሞብኝ ነው፣ ልጄ አጥንቶ ነበር እያለች። እነዚያም ውሸታቸውን አልነበረም። ሁሉንም መዝገብ ላይ ከገባ ገባ ብላ መልሳለች። የሰውን ልጅ ማርክ ያልነካ እጅ ለራስ ባል ሲሆን ከነካማ፣ እነዚያ እናቶች ሁሉ ተመልሰው መስኮቷ ላይ ይቆማሉ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም አለች ለራሷ፤ ተረቱ ለሰው ሲነገር ቀላል ነበር። ንዴቷ ግን አልቀረም። ነደደች። ቁና ቆጥራ የሰፈረችው እሷ፣ ጎደሎው የደረሰበት ደግሞ እሱ።

እውነተኛውን ቅጂ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ማኔጀሩ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይኼ ቀይ ነገር ምንድን ነው?"

"የመምህሩ እጅ ነው።"

"ፊርማ ግን አይደለም።" ወረቀቱን በጥንቃቄ መለሰላት። "ምን ላድርግ እትዬ፣ መዝገብ ላይ ከገባ ገባ፤ እንዲህ አይደል የሚሉት?"

ፊቱ ላይ ፌዝ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር። ጥቂት አሰበና፣ ሊያስደስታት ፈልጎ ይሁን ሊገላገላት፣ ሰነዱ እንደሚለው ይሁን፣ ወዘተም ይጨመርበት አለ። ለቅራጩም በስልክ አዘዘ።

በበዓሉ ቀን ግቢው ወንበር በወንበር ሆነ። መጋረጃው ሲነሣ ድንጋዩ ያብረቀርቃል፤ የሂሳቡ መምህር ስም፣ የጂኦግራፊው መምህር ስም፣ ከታች በዚያው ወርቃማ ቀለም "ወዘተ"። እንግዳው አጨበጨበ። በድንጋይ ላይ ወዘተ የተቀረጸበት ትምህርት ቤት፣ ያውም ድርሰት የሚያስተምር! ከኋላ ወንበር ግን የሰጋቱራ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። አንዱ፣ አሁን ባለ መድኃኒት ቤት የሆነ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ መጥቶ እትዬ መዝገብን አቀፋት። "ጋሽ ወዘተን ድንጋይ ላይ አወጡልን! ይኼን ያሰበ ሰው ይባረክ" አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሆን ተብሎ ለክብሩ የተደረገ መስሎታል። እንዴት ብላ ትንገረው? ሆድ ይፍጀው ብላ ሳቀችለት። የሰጋቱራ ልጆች ግን ስንት ቀሩ? እነሱ ሲያልቁ ያ ቃል ባዶ ቃል ይሆናል፤ ነገ በዚያ በር የሚገባ ልጅ አንብቦት ሰው አያይበትም። መድረክ ላይ ጠርተው ለረጅም ዘመን አገልግሎቷ የግድግዳ ሰዓት ሰጧት።

በሳምንቱ መዝገብ ቤቱን አስረከበች። ተረካቢዋ ኮምፒውተር የያዘች ቀልጣፋ ልጅ ናት። ቁልፍ ሁለት፣ ማኅተም አንድ፣ መዝገብ አርባ፣ መብሻ አንድ እያሉ ቆጠሩ። ሳጥን ሙሉ ስፒል ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ሰዓቷን አየችና "እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ወዘተ ብንለውስ?" አለች።

"ቁጠሪ" አለቻት።

መቶ አሥራ ሁለት ስፒል ሆነ። መጨረሻ ላይ የጽሕፈት መኪናዋ ቀረች። ትሠራለች ወይስ አትሠራም ብላ ልጅቷ ጠየቀች፤ ቅጹ ላይ መሞላት አለበት። እትዬ መዝገብ የጠረጴዛ ልብሱን ገፈፈች፣ ከመሳቢያው ከወየበው ወረቀት አንዱን አስገባች፣ ለሙከራ ያህል ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ሌላ ደብዳቤ አያውቅም። ሰሞኑን ደጋግማ አንብባ በቃሏ የያዘችውን ያንኑ ማመልከቻ ጀመረ፤ ልዩነቱ፣ ዛሬ የሚከበር አለቃ ስላልነበረባት ከወረቀቱ አናት መጀመሯ ነው። ማዕረጉን ጻፈች። ሰባቱን ትምህርቶች ጻፈች። አንደኛ አለች፣ ሁለተኛ አለች። ሦስተኛ ብላ የባሏን ስም ከነትምህርት ደረጃው፣ ከነአድራሻው በሁለት መስመር አስቀመጠች። ቀንና የፊርማ ቦታም ገባ።

ወረቀቱን አዞረችና ከታች የቀረውን በጣቷ ቆጠረች። ሰባት መስመር ተርፏል። ሦስት ሌላ መምህር ቢጨመርም ይይዝ ነበር። ለማታውቀው ባለሥልጣን ከተወችው የአንቱታ ቦታ ላይ አንዲት መስመር ብትሰርቅለት፣ እሱን ይበቃው ነበር።

"ትሠራለች ብዬ ልሙላ እትዬ?" አለች ልጅቷ።

"ወረቀቱ በቅቶ ነበር" አለች እትዬ መዝገብ።

ልጅቷ አልገባትም። "ትሠራለች" ብላ ሞላችው።